ኦሽን ሾርስ ሂዱ፤ «ነጻ» በሚሉት ክፍል ግን አትሂዱ

ወገኖቼ፣ በተለይ በቅርቡ ወደ ሲያትል አካባቢ የገባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ።

እኛ ከላስ ቬጋስ ነው የመጣነው። እዚያ ዝናብ ብርቅ ነው። እዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ አልገለጥ አለ። በዓመት ሲደመር የሲያትል ዝናብ ከአዲስ አበባ አይበልጥም። ግን የአዲስ አበባው ዶፉን አውርዶ ያባራል፣ የዚህኛው ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። ልጆቹ ቤት ውስጥ ታፍነው ሰለቻቸው። አንድ ቅዳሜ ገበያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ልጅ አስቆመችን። «ኦሽን ሾርስ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ሁለት ሌሊት በነጻ፤ የ90 ደቂቃ ገለጻ ብቻ ትሰማላችሁ» አለችን። እግዜር የላካት መሰለን።

ከተማዋን ወደድናት። ማታ ባሕሩ ዳር ስንወጣ ጨለማው በመብራት ተሞልቷል። ሰዎች ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው፣ ባልዲ ይዘው፣ አሸዋ እየቆፈሩ ዛጎል ለበስ ክላም ያወጣሉ። እኛ ቤት አይበላም፤ ልጆቹ ግን ከዚያ አንነሳም አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ገለጻው ተጀመረ። 90 ደቂቃ የተባለው አራት ሰዓት ፈጀ። ልጆቹን ከለርና ወረቀት ሰጥተው ሌላ ክፍል ወሰዷቸው። ሻጩ ለባሕር ዳር ቤት ድርሻ ነው ብሎ ወረቀት ላይ 22 ሺህ ዶላር ጻፈ፣ ሰረዘው፣ 14 ሺህ ብሎ ጻፈ። «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» አለ። ባለቤቴ እናስብበት ሲል አለቃው መጣ። እናስብበት ስንል ደግሞ ቡና መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስፈረመን ዋጋው አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ሁለት ሌሊት አስተኝተውን፣ ቡና ቀድተውልን፣ ልጆቻችንን ይዘውልን እንዴት እምቢ ብለን እንነሳለን? ይህን ጠባያችንን እነሱ በደንብ ያውቁታል። እምቢ ማለት ነውር አይደለም። ገለጻውን ከሰማችሁ የክፍሉን ዋጋ ከፍላችኋል።

ቤት ስንመለስ የባለቤቴ እህት ውሉን ቁጭ ብላ አነበበችው። እኛ የባሕር ዳር ቤት ድርሻ የገዛን መስሎን ነበር። ታይምሼር የሚባለው፣ ማለትም የመዝናኛ ቤትን ከሌሎች ጋር በየተራ የመጠቀም መብት ነው። የገዛነው ቤት ሳይሆን ነጥብ ነው። በነጥቡ ክፍል የሚገኘው ክፍት ቦታ ካለ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉበት ሐምሌ ላይ ደግሞ ቀድሞ ይያዛል። የብድሩ ወለድ 17 በመቶ ነው። ከዚያ ላይ በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ፤ ብድሩ ቢያልቅም እሱ አያልቅም፣ ሊጨምሩትም ይችላሉ። ሄድንም ቀረንም እንከፍላለን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያዳነን የቀን ቆጠራው ነው። በዋሽንግተን ስቴት ታይምሼር የፈረመ ሰው ውሉን ለመሰረዝ 7 ቀን አለው። ኔቫዳ ላይ 5 ቀን ብቻ ነው፤ ቬጋስ ያላችሁ ልብ በሉ። እኛ በአራተኛው ቀን አጭር ደብዳቤ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፣ ፖስታ ቤት ሄደን በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በደረሰኝ በሚመዘገብ ፖስታ) ላክን፣ ደረሰኙን ያዝን። የት እንደሚላክ ውሉ ላይ አለ፤ የእኛው የተቀበረው መጨረሻዎቹ ገጾች ውስጥ ነበር። ስልክ ደውላችሁ «እሺ ሰርዘናል» ቢሏችሁ አትመኑ። በጽሑፍ ይሁን። ቅድሚያ የከፈልነው ገንዘብ ተመልሶልናል። እንቢ ካሏችሁ ለስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤት ማለት ትችላላችሁ።

ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሌላ ወጥመድም አለ። አንድ የምናውቀው ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ፈርሟል። አሁን «ድርሻህን እንሸጥልሃለን፣ መጀመሪያ ግን የአገልግሎት ክፍያ ላክ» እያሉ ይደውሉለታል። ቀድማችሁ አንድ ዶላር እንዳትልኩ።

በጥር ራሳችን ተመልሰን ሄድን። በኦሎምፒያና በአበርዲን በኩል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው። በሳምንቱ መሐል ስለሄድን ለሁለት ሌሊት 210 ዶላር ብቻ ከፈልን። ጃኬትና ቦት ጫማ ያዙ፣ እዚያ ከሲያትል እጥፍ ገደማ ይዘንባል። መኪና አሸዋው ላይ መንዳት ይፈቀዳል፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 25 ማይል ነው። ግን ውሃ የጠጣው ጠጣር አሸዋ ላይ ብቻ ሂዱ፣ ባሕሩ ሞልቶ የሚመለስበትን ሰዓትም ሳታዩ አትውረዱ።