ደሴ ውስጥ «ኮምፕሬሽኑ ሞቷል፣ ሞተር ቀይር» ለምትባሉ ሁሉ

ሰላም ወገኖች። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የድሮ ኮሮላም ሆነ ሌላ አሮጌ መኪና የያዛችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሞተር የማስቀየሩ ውል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ወይም በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ውሃዋ ይፈላል። ጋራዥ ትገባለች፤ አንድ ካንዴላ ይፈታና የኮምፕሬሽን መለኪያው (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳየው) ይሰካል። ቀስቱ 135 ላይ ይቆማል። «አየህ? መጽሐፉ 190 ይላል። ሞተሩ አልቋል» ይባላል። መፍትሔውም አብሮ ይቀርባል፦ ከዱባይ የገባ ሞተር አለ፣ የአንተን እኛ እንወስደዋለን፣ ልዩነቱን ብቻ ጨምር፣ በሦስት ቀን ትነዳለህ።

አብሽሩ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ቁጥሩን እንየው። ያ 135 ደሴ ላይ የጤነኛ ሞተር ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ሲሊንደር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ልክ የባሕር ወለል አየርን ያሰበ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 4ኤ-ኤፍኢ የተባለውን የኮሮላ ሞተር ብንወስድ የመጽሐፉ ልክ 191 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ዝቅተኛው ገደብ 142፣ በሲሊንደሮቹ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ 14 ነው። ጂቡቲ ወደብ ላይ 191 የሚያሳየው ያው ሞተር ምንም ሳይነካ ደሴ ሰኞ ገበያ ቢለካ 140 አካባቢ ነው የሚያሳየው። 1,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ከ150 ትንሽ አለፍ ይላል። ዝቅተኛው ገደብም ደሴ ላይ ወደ 105 ይወርዳል። ስለዚህ የመጽሐፉን 142 ይዞ ደሴ ላይ የሚፈርድ ሰው ጤነኛ ሞተር ያስወርዳል። ይህን ሳያውቅ በቅንነት የሚሳሳት መካኒክ አለ፤ አውቆ የሚጠቀምበትም አለ። የእናንተን ብር በተመለከተ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ስለዚህ ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ ልዩነቱን እዩ። አራቱም ሲሊንደር 135፣ 138፣ 132፣ 136 ካሉ ሞተሩ ደህና ነው። 138፣ 136፣ 95፣ 134 ካሉ ሦስተኛው ላይ ችግር አለ። አንዱን ብቻ ለክቶ ሦስቱን የተወ መካኒክ ምንም አልለካም።

አለካኩም ራሱ ሥርዓት አለው። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ይድረስ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ሞተሪኖው እየተጎተተ የሚያዞረው ሞተር ዝቅ ብሎ ይለካል። አራቱም ካንዴላ ይውጣ። የቦቢናው ገመድ ይነቀል፤ ቤንዚን በኢንጄክሽን የሚረጭ ከሆነ የነዳጅ ፖምፓው ፊውዝም ይውጣ። ሌላ ሰው የቤንዚን ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ወለሉ ድረስ ረግጦ ይያዝ። ይህ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር ማስገቢያው ዝግ ስለሆነ መለኪያው ላይ የሚታየው ያንሳል። ከዚያ ቀስቱ መውጣት እስኪያቆም፣ አምስት ስድስት ዙር ይዙር። በቀዝቃዛ ሞተር፣ ፔዳል ሳይረገጥ፣ በደከመ ባትሪ የተለካ 110 ማስረጃ አይሆንም።

አንዱ ሲሊንደር በእርግጥ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ቁጥሩ በደንብ ከጨመረ ያለቀው ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) ነው። ካልጨመረ ቫልቮላ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መዝጊያ) ወይም ጋስኬት (የሲሊንደሮቹ ክዳን የሆነው ቴስታታ የሚታሸግበት) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ካነሱ በመካከላቸው ያለውን የቴስታታ ጋስኬት ጠርጥሩ። ቫልቮላ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ክፍተቱ ነው። 4ኬ ሞተር ባላቸው የድሮ ኮሮላዎች በሙቅ ሞተር የመግቢያው 0.20 ሚሊሜትር፣ የመውጫው 0.30 ነው፤ በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) እና በካቻቪቴ ግቢ ውስጥ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ክፍተቱ ጠብቦ ቫልቮላው በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ኮምፕሬሽን ያጣ ሞተር «አልቋል» ተብሎ ሲለወጥ ማየት ያሳዝናል።

አሁን ወደ መፍላቱ እንምጣ፤ ሁለተኛው ማስፈራሪያ እሱ ነው። «ውሃ ካፈላች ቴስታታዋ ተቃጥሏል» ይባላል። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ 94። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት 82 አካባቢ ላይ ነው መከፈት የሚጀምረው። በመካከል ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። መኪናዋን ከዚህ የሚያድናት የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ደሴ ላይ ወደ 114 ዲግሪ ይገፋዋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን ያለምንም የጋስኬት ችግር ሐረጎ ላይ ትፈላላችሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ የደከመ ክዳን ብዙ ላያስታውቅ ይችላል፤ እኛ ጋ ወዲያው ያስታውቃል።

ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱና ገልብጡት። (ትኩስ ላይ ፈጽሞ አትክፈቱ፣ ፊት ያቃጥላል።) ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል? የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ የተከለበት ቀለበት ጠልቆ ታትሞበታል? መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን በጥፍራችሁ ሳቡና ልቀቁ፤ ተመልሳ ልጥፍ ማለት አለባት። ማለዳ ላይ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጨምድዶ ጠፍጥፎ ካገኛችሁት ያቺ ሳህን ተጣብቃለች ማለት ነው። ክዳኑን ስትቀይሩ የነበረውን ቁጥር ያለውን ግዙ፤ «ጠንካራው ይሻላል» ተብሎ ከፍ ያለ ማሰር አሮጌ ራዲያተር ያፈነዳል።

ቴርሞስታት በድስት መሞከር የምትወዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቶዮታ መጽሐፍ ከ80 እስከ 84 ባለው ይከፈት፣ 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ይነሳ ይላል። ደሴ ውስጥ ድስታችሁ 95 አይደርስም። ስለዚህ በመፍላት ላይ 8 ሚሊሜትር አልደረሰም ብላችሁ ደህናውን እንዳትጥሉ፤ በጊዜ መከፈት ከጀመረና ሲቀዘቅዝ ከተዘጋ ይበቃዋል። አውጥቶ መጣሉ ደግሞ መፍትሔ አይደለም። የደሴ ብርድ ላይ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል።

የቴስታታ ጋስኬት በእርግጥ መበላሸቱን የሚያሳየው ይህ ነው። ማለዳ ቀዝቃዛ ሞተር፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውሃው እስከ አፍ ሞልቶ አስነሱ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የማያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ገና ሳትሞቅ ቱቦው እንደ እንጨት ከደረቀ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። አዲስ ውሃ ከተሞላች በኋላ ጥቂት አረፋ ወጥቶ ካቆመ ግን የታመቀ አየር ነው።

በዘይት ክዳኑ ሥር የሚታየው ነጭ ክሬም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ክዳኑ ይፈታና «ይኸው ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል» ተብሎ ይታያችኋል። ደሴ ላይ ከቤት ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቤት ብቻ የምትመላለስ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚቆም የአየሩ እርጥበት ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጡ። እሱ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ከሳምንት ሳምንት ካልጎደለ ክሬሙን ጥረጉና ወደ ኮምቦልቻ አንዴ ወርዳችሁ ውጡ፤ ይጠፋል። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከጨመሩበት ሻይ ከመሰለ ግን ሞተሩን አታስነሱት። ማለዳ ከማርሚታ የሚወጣ፣ ስትሞቅ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎትም እንዲሁ የብርድ ነው።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ ሞተር አያስወርድም። የእኛ መንገድ ለዚህ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እግራችሁን ከቤንዚን አንስታችሁ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ መውረጃው ሲያልቅ ስትረግጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቦለል ካለና ከጠፋ፣ ወይም ሌሊት አድራ ስትነሳ ብቻ ካጨሰች፣ የደረቀው የቫልቮላ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ስታወጣ እየጨመረ የሚያጨስ ፋሻ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ካርቡራተር ያላት መኪና ለቆላ በተገጠመ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ደሴ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ትደክማለች። አነስ ያለ ጂግለር፣ ንጹሕ የአየር ማጣሪያ፣ የተስተካከለ ታይሚንግ፤ ሥራው ይኸው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ጉልበት ያጣል፣ አዲስም ቢሆን። ይህን የሚመልስ የዱባይ ሞተር የለም።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ሞተሩ በእውነት ካለቀ፣ እሺ፣ ይቀየር። ግን ውሉን እንደቀረበላችሁ አትውሰዱት። በቤንዚን ታጥቦ ብርማ ቀለም የተቀባ ሞተር ስለ ውስጡ ምንም አይነግራችሁም። መኪናዋ ላይ ሳይገጠም የቫልቮላው ክዳን ተከፍቶ እዩ፤ ጥቁር ዝቃጭ የተጋገረበት ከሆነ ተዉት። የውሃ መተላለፊያዎቹን በባትሪ መብራት እዩ፣ ዝገት ይታያል። በክራንክ ፑሌጃው ቡሎን ላይ ቺያቤ አስገብታችሁ በእጅ ሁለት ዙር አዙሩት፤ የሚይዝበት ቦታ ሊኖር አይገባም። ኮምፕሬሽኑ መሬት ላይ እያለ በሞተሪኖና በባትሪ ይለካ፤ ሻጩ በእናንተ ሞተር ላይ የተጠቀመበትን ያንኑ መለኪያ ይጠቀም። የሚሸጥላችሁም ሞተር ደሴ ላይ 140 አካባቢ ሲል ታዩታላችሁ።

የታይሚንግ ቺንጊያው፣ የክራንክና የካምሻፍት ጎሚኒዎች፣ የውሃ ፖምፓው ሞተሩ ውጭ እያለ ይቀየሩ፤ በኋላ ለዚያው ሥራ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ አትክፈሉ። «የሳምንት ዋስትና» የሚባለው ደግሞ ከተማ ውስጥ በመዞር ያልቃል። ወረቀት ላይ የሚጻፈው በኪሎሜትር ይሁን፤ ከተበላሸም የማውረጃውንና የመግጠሚያውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ያልተጻፈ ዋስትና የለም በሉት።

አሮጌውን ሞተራችሁን በነጻ አትስጡ። ቴስታታው፣ ካርቡራተሩ፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው እያንዳንዱ ዋጋ አለው፤ ከልዩነቱ ላይ ይቀነስ ወይም ቤታችሁ ውሰዱት። ጤነኛ ሆኖ «አልቋል» የተባለ ሞተር ታጥቦ ለሚቀጥለው ሰው እንዳይሸጥም የሚከለክለው ነገር የለም።

የሞተር ቁጥሩንም አትርሱ። ሊብሬያችሁ ላይ ተጽፏል። ሰነድ የሌለው ሞተር ከተገጠመ በኋላ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ስለማይገጥም ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ፣ መኪናዋን ስትሸጡም ጣጣው የእናንተ ነው። የጉምሩክ ሰነዱን ብር ከመክፈላችሁ በፊት በእጃችሁ ያዙ፣ ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ተፍቆ ወይም እንደገና ተመቶ ከሆነ ሞተሩ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን አይገጠም።