ክላምፕ ሜትሬን ለ8 ወር ተጠቅሜባት፦ የቪትዜን ባትሪ ምን ሲበላው እንደነበር

ባለፈው ሰኔ ነው የገዛኋት፣ አሁን የካቲት ነው፣ 8 ወር ሞላት ማለት ነው። ትንሽ የቻይና ክላምፕ ሜትር ናት፣ ማለትም ገመዱን ሳትቆርጡ በመንጋጋዋ ከበብ አድርጋ የሚያልፍበትን ከረንት የምትለካ፣ በሁለቱ ገመዶቿ ደግሞ እንደ ተራ ቴስተር ቮልትና ኦም የምትለካ፣ እኛ ሰፈር ሁሉንም ቴስተር ነው የሚሉት። ስትገዙ ግን አንድ ነገር በደንብ እዩ፣ ብዙዎቹ ክላምፖች አምፔር የሚለኩት ኤሲ (የቤት መብራት ዓይነት ከረንት) ላይ ብቻ ነው፣ ለቤት መስመር ይሆናሉ ለመኪና ግን አይጠቅሟችሁም። የኔ ዲሲ (የባትሪ ከረንት) ትለካለች፣ 2 አምፔር ሬንጅ ላይ እስከ 1 ሚሊአምፔር ትለያለች፣ የወደድኳትም ለዚህ ነው።

ቪትዜ ቅዳሜና እሁድ ከቆመች ሰኞ ጠዋት አትነሳም ነበር። ጋራዥ ወሰድኳት፣ "ወንድሜ ባትሪው ሞቷል" አሉኝ ቀየርኩ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ያው፣ ሌላ ጋራዥ ደግሞ ዲናሞው ነው አለኝ። አንዳቸውም ምንም አልለኩም እኮ፣ እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ሰው ለፍቶ ያገኘውን ብር በግምት ሲያስወጡት።

መጀመሪያ ቮልቱን አየሁ። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 ከወረደ ባዶ በሉት። ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው። የኔ 14.2 አለ፣ ዲናሞው ምንም የለበትም፣ 2 ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

ከዛ ሌባውን ፍለጋ ገባሁ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ቁልፉን አውጥቼ፣ የበሩን መቆለፊያ በካቻቪቴ ጠቅ አድርጌ በሩ የተዘጋ እንዲመስለው አደረግኩና 40 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ የመኪና ኮምፒውተር መኪናው ከጠፋ በኋላም ቶሎ አይተኛም፣ ቸኩላችሁ ከለካችሁ የውሸት ቁጥር ነው የምታገኙት። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ በክላምፑ ስይዝ 0.38 አምፔር! ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊአምፔር (0.05 አምፔር) በታች ነው መሆን ያለበት። አስሉት እስቲ፣ 0.38 በ24 ሰአት ሲባዛ በቀን 9 አምፔር ሰአት ይሆናል፣ ባትሪዬ 45 አምፔር ሰአት ነው፣ በ3 ቀን ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። አዲሱ ባትሪ ምን ያድርግ።

የትኛው መስመር እንደሆነ ለማወቅ ፊውዝ እየነቀላችሁ አትሞክሩ፣ መልሳችሁ ስትሰኩ የተኛውን ትቀሰቅሱታላችሁ። እዛው እንደተሰካ ከላይ የሚታዩት ሁለት ትናንሽ ብረቶች ላይ ሚሊቮልት ለኩ፣ ከረንት የማያልፍበት ዜሮ ይላል። አንዱ 2 ሚሊቮልት አካባቢ አሳየኝ፣ የቴፑ መስመር ነው። ለካ አንድሮይድ ስክሪኑን የገጠመው ልጅ ቁልፍ ሲጠፋ መጥፋት ያለበትን ቀዩን ሽቦ ከቢጫው፣ ማለትም ሁሌም ኃይል ካለው ጋር ጠምዝዞ አስሮታል፣ ስክሪኑ ጨለመ እንጂ ጠፍቶ አያውቅም። ቀዩን ለብቻው ወደ ቦታው መለስኩት፣ ወደ 22 ሚሊአምፔር ወረደ። በቃ።

ህዳር ላይ ግን ሌላ መጣ። ባትሪው 12.6 ሆኖ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ቀስ እያለ ነው የሚያዞረው። የማሳውን ገመድ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን፣ መስመር ሲገኝ በሚጮኸው የቴስተሩ ድምፅ ሞከርኩት፣ ጲጵ ይላል፣ ደህና ነው ብዬ ተውኩት። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ኤሌትሪሺያን አሉ፣ ስነግራቸው "ልጄ፣ ቴስተር ጮኸ ማለት መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ ሞተሪኖው እየጎተተ ለካው" አሉኝ። ወንድሜ ቁልፍ ሲያዞርልኝ እኔ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ያዝኩ፣ 1.4 ቮልት! ከ0.5 ማለፍ አልነበረበትም። ገመዱ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳን ቴስተሩ ይጮሃል፣ ምክንያቱም የሚልክበት ከረንት በጣም ትንሽ ነው፣ ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል፣ በዛ ጊዜ 0.01 ኦም እንኳን 1 ቮልት ይበላል፣ የቴስተሩ የራሱ ገመድ ደግሞ ብቻውን 0.2 ኦም ስላለው በኦም ብትለኩ በጭራሽ አታዩትም። ገመዱ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ነበር፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አሰርኩት፣ 0.15 ሆነ፣ ሞተሪኖውም እንደ ድሮው።

እንከኗን ልንገራችሁ። ዜሮዋ ይንሸራተታል፣ አቅጣጫዋን ስታዞሯት ቁጥሩ ይቀየራል፣ ስለዚህ ገመዱ አጠገብ በምትይዙበት አቅጣጫ አድርጋችሁ ነው ዜሮ መጫን ያለባችሁ። በ15 ደቂቃ ራሷን ታጠፋለች፣ 40 ደቂቃ ለሚጠብቅ ሰው ይሰለቻል። ከ100 አምፔር በላይ አትለካም፣ የሞተሪኖን ከረንት እርሱት። የራሷ የቀዩ መለኪያ ገመድ አንገት በ6ኛ ወሩ ተበጥሶ በሳልዳ አስበየድኩት፣ ጫፎቹም ወፍራም ስለሆኑ ፊውዝ ላይ የልብስ መርፌ ነው የምጠቀመው። የራሷ ባትሪ ሲደክም ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ትሰጣለች፣ ምልክቱን እንዳያችሁ ቀይሩላት።

ዋጋዋ ያኔ ያለ ጥፋቱ ከቀየርኩት ባትሪ ግማሽ ገደማ ነበር። አሁን ዳሽቦርድ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ጎረቤቶቼም ጠዋት ጠዋት ይዋሷታል፣ ሲመልሱልኝ መጀመሪያ የማየው የቀዩን ገመድ አንገት ነው።