በ5 ወር 4 ጊዜ አላይመንት ላሠራሁባት መኪናዬ መድኃኒቷን ላገኙላት ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የምጽፈው አንድ መካኒክ ከልቤ ለማመስገን ነው። ረዘም ይላል። ግን አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ በማሽን ማስተካከል) ባሠራ ቁጥር ተመልሶ እየተዛባበት የተቸገረ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብበው።

መኪናዬ ያሪስ ናት። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ እመላለስባታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እናቴን ሐኪም ቤት አደርስባታለሁ። ከጥቅምት እስከ የካቲት 4 ጊዜ አላይመንት አሠራኋት። ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ወረቀቱን አትመው ይሰጡኛል፣ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መሪው እንደገና ወደ ግራ መጎተት ይጀምራል። ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን አጣምሜ ነበር የምነዳው። በዚህ መሃል የፊት ጎማዬ ከውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ሊወጣ ደረሰ። የጎማ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ከሁሉ በላይ ያስከፋኝ ግን "የአነዳድሽ ችግር ነው" መባሌ ነበር። ጉድጓድ ትገቢያለሽ፣ ጠርዝ ትገጫለሽ አሉኝ። ሲደጋገም እኔም አመንኩ። መንገድ ላይ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳሪስ ወዳሉት ጋሼ ወሰደኝ። ጋራዣቸው ትንሽ ናት። የአላይመንት ማሽን እንኳን የላቸውም። መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝና ይጠይቁኝ ጀመር። "መቼ ጀመራት ልጄ? ከዚያ በፊት ምን አስቀይረሽ ነበር? ፍሬን ስትይዢ ትብስባታለች ወይስ ያው ናት?"

ፍሬን ስይዝ ይብስባታል። 5 ወር ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ እጄን ጎማው ላይ አስደረጉኝ። ከውስጥ ወደ ውጭ ስዳብሰው ይለሰልሳል፤ ስመልሰው እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጥጣል። "ጎማሽ እየተንከባለለ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን እየተጎተተ ነው የሚሄደው" አሉኝ። የአላይመንት ወረቀቶቼን ጥያለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አራቱም የመኪናዋ ኪስ ውስጥ ተገኙ። ጎን ለጎን ዘረጓቸውና ከመስተካከሉ በፊት ያለውን ቁጥር አሳዩኝ። አራቱም ላይ የተዛባው የፊት ግራ ጎማ ብቻ ነው። የቀኙ ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ጥፋቱ የአነዳድ ቢሆን ሁልጊዜ አንዱን ጎማ ብቻ እየመረጠ አይመጣም ነበር አሉኝ። ያኔ ዕንባዬ መጣ።

የፊት ጎማዎቹን ቀኝና ግራ አቀያየሯቸው። መጎተቱ አቅጣጫ ቢቀይር ችግሩ ጎማው ነው ማለት ነው። አልቀየረም። ቀጥለው "የጥፍር ቀለም ይዘሻል?" አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ ነበረኝ። አላይመንት የሚስተካከልባትን ዘንግ ከነማሰሪያ ዳዶዋ መስመር ቀቡባትና ለአንድ ሳምንት ነድቼ እንድመለስ ነገሩኝ። ዳዶዋ እየላላች ከሆነ መስመሩ ይሰበራል። ስመለስ መሪው ይበልጥ ተጣሟል፣ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ሌላ ነገር ነው።

ያገኙትም እንዲህ ነው። ሌሎቹ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማውን ወዝወዝ አድርገው "ደህና ነው" ይሉ ነበር። ጋሼ ግን ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ ከሥር ገቡ። ረዳታቸው ሞተር አስነስቶ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እያለ ፍሬን ይይዛል። እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። ጎማውን ከሥር የያዘው የግራው ክንድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደኋላ ሲንሸራተት በዓይኔ አየሁ። ክንዱን ከሚይዙት ሁለት ቡሾች (ላስቲክ ያለባቸው ማያያዣዎች) የአንዷ ላስቲክ ተቀዷል። መኪናዋ ክሪክ ላይ ስትንጠለጠል ግን ቀዳዳው ገጥሞ አይታይም። የአላይመንት ማሽኑም የሚለካው ቆማ ስለሆነ አያየውም።

ቡሿ ደግሞ ባለፈው ክረምት ሌላ ቦታ የተቀየረች አዲስ ነበረች! በጥቂት ወር ለምን ተቀደደች? ቡሎኑን ያጠበቁት መኪናዋ ተነስታ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። መኪናዋ ስትወርድ የቡሿ ላስቲክ እንደተጠመዘዘ ቀረ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ተጠማዘዘች። ጋሼ አዲሷን ሲገጥሙ ቡሎኑን ለዘብ አድርገው አስገቡ፣ መኪናዋን መሬት አወረዱ፣ ክብደቷ ካረፈ በኋላ ከሥር ገብተው አጠበቁት። ወደ አላይመንት የላኩኝ ያን ከጨረሱ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰው ምክር ከሶማሌ ተራ ሁለት የፊት አሞርዛተር (የመኪናዋን ንዝረት የሚያበርድ ዕቃ) ገዝቼ ይዤ ሄጄ ነበር። ገጥመው ዋጋቸውን መቀበል ይችሉ ነበር። "ያሉሽ ደህና ናቸው፤ ሳይቆይ መልሺያቸው" አሉኝ። ባለሱቁም ተቀበለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አስለካኋት፤ የግራው ቁጥር ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናቴም በየቅዳሜው ትመርቅዎታለች።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በጠዋት ሂዱ፤ አንዷን መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም። የአላይመንት ወረቀቶቻችሁን ደግሞ እንዳትረሱ።