የዓለም አትሌቲክስ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ገጽ፦ ከጅማ የተጻፈ ግምገማ

የአትሌቲክስ ስፖርት ዓለም አቀፍ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ ከየታላቁ ውድድር በፊት በድረ ገጹ ላይ «ሮድ ቱ» በሚል ስም የሚከፍተው የማጣሪያ ዝርዝር አለ። ለቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ተከፍቶ ነበር፤ ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክም «ሮድ ቱ ፓሪስ» ተብሎ ወጥቷል። አገልግሎቱ የየትኛው አገር አትሌት በየትኛው ርቀት ሚኒማ (ለመግቢያ የተወሰነውን ሰዓት) እንዳሟላ፣ ማን በደረጃ ነጥብ እንደገባ፣ ማን ደግሞ ከመግቢያው መሥመር በታች ሆኖ እየተጠባበቀ እንደሆነ ያሳያል። በጅማ ከታዳጊ ሯጮች ጋር የምሠራ በመሆኔ በፓሪስ የማጣሪያ ወራት ይህን ገጽ ሳልከፍት የዋልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሌሎች አሠልጣኞች፣ የስፖርት መምህራንና ወላጆች ሊጠቀሙበት ስለሚገባ፣ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም እንደማየው አቀርባለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ርቀቱንና ጾታውን ሲመርጡ የአትሌቶቹ ስም፣ አገራቸው፣ የገቡበት መንገድና ሰዓታቸው በሰንጠረዥ ይወጣል፤ አገር መርጦ የኢትዮጵያን ብቻ ለይቶ ማየትም ይቻላል። ከሰንጠረዡ ጀርባ ያለው ደንብ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ለፓሪስ በእያንዳንዱ ርቀት የሚሮጡት አትሌቶች ቁጥር አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፦ በ800 ሜትር 48፣ በ1,500 ሜትር 45፣ በ5,000 ሜትር 42፣ በ10,000 ሜትር 27፣ በ3,000 ሜትር መሰናክል 36፣ በማራቶን 80። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሚኒማ በማሟላት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በዓለም የደረጃ ነጥብ እንዲሞላ ታስቧል፤ ከአንድ አገር ግን በአንድ ርቀት ከሦስት አትሌት በላይ አይሰለፍም። የወንዶች 10,000 ሜትር ሚኒማ ልክ 27 ደቂቃ፣ የሴቶቹ 30 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር። በማራቶን ወንዶች 2:08:10፣ ሴቶች 2:26:50 እንዲሮጡ ተጠይቀዋል። ለአብዛኞቹ የመም (የትራክ) ውድድሮች ሰዓቱ የሚመዘገብበት ጊዜ ከሰኔ 24 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለማራቶን ከጥቅምት 22 ቀን 2015 እስከ ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።

የገጹ ትልቁ ጥቅም ይህን ሁሉ ደንብ ለተጠቃሚው ቆጥሮ ማቅረቡ ነው። ቀደም ሲል አንድ ሯጭ ፈጣን ሰዓት ሲያስመዘግብ በሬዲዮ ሰምተን «አለፈ» እንል ነበር እንጂ፣ ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንዳለና ቦታው አስተማማኝ መሆኑን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። በተለይ በደረጃ ነጥብ የሚገቡትን በተመለከተ ገጹ የሚሰጠው አገልግሎት እጅግ ጠቃሚ ነው። ነጥቡ ከሰዓት በተጨማሪ በውድድሩ ደረጃና አትሌቱ በወጣበት ተራ ስለሚሰላ፣ ሚኒማ ሊያሟላ ያልቻለ ሯጭ በጥሩ ውድድሮች ላይ በተከታታይ ተሰልፎ በመፎካከር ብቻ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይን ይታያል። የማጣሪያው ጊዜ ሊዘጋ ሲቃረብ ከመሥመሩ በታች ያሉት ስሞች እንዴት እንደሚቀያየሩ የተከታተለ ታዳጊ፣ በአንድ ውድድር አራተኛና አምስተኛ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ለምን ዋጋ እንዳለው ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

በጅማ ላለን ግን ገጹ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ወደ ጅሬን የሚያወጣውን ዳገት ሮጠው ከተመለሱ በኋላ ሰንጠረዡን አብረን ስናይ፣ ከሠልጣኞቹ አንዷ «ጋሼ፣ እኛ እዚህ የምንሮጠው ሰዓት እዚህ ውስጥ ይገባል ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። መልሱ አይገባም ነው፤ ምክንያቱንም መደበቅ አይገባም። ሰዓቱ የሚቆጠረው የዓለም አትሌቲክስ ባወቀውና በመርሐ ግብሩ ባሰፈረው ውድድር ላይ ሲመዘገብ ብቻ ነው። በአጭር ርቀት በእጅ የተያዘ ሰዓት ተቀባይነት የለውም፤ ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሮጡበት የመም ውድድርም በአብዛኛው አይቆጠርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ያለው የሣሣ አየር ለሥልጠና የሚመረጠውን ያህል፣ በረጅም ርቀት ፈጣን ሰዓት ለማስመዝገብ ያስቸግራል። ሚኒማው ግን ለባሕር ዳርቻ ከተማም ለእኛም አንድ ነው።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለመም ውድድሮች የሚደረገውን ምርጫ ከአገር ውጭ ማካሄድ የጀመረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለቶኪዮው ኦሊምፒክ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ ሄንግሎ፣ ለፓሪሱ ደግሞ በሰኔ 2016 ዓ.ም. በስፔን ኔርሃ ማጣሪያ ተደርጓል። የኔርሃው የወንዶች 10,000 ሜትር ሊረሳ የማይችል ነበር፤ ዮሚፍ ቀጄልቻ በ26:31.01 አንደኛ ሲወጣ፣ በሪሁ አረጋዊና ሰለሞን ባረጋ ተከትለውት ገብተዋል፤ ሦስቱም 27 ደቂቃ ከሚለው ሚኒማ በብዙ ርቀው። ሰለሞን በቶኪዮ የዚሁ ርቀት የወርቅ ባለቤት እንደነበረ ልብ ይሏል፤ በአገሩ ማጣሪያ ግን ሦስተኛ ነው የወጣው። በሪሁም በፓሪስ ከኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ0.30 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር አምጥቷል።

ገጹ ለኢትዮጵያ ተከታታይ የሚጎድለው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ለብዙ አገሮች አትሌት ሚኒማ ማሟላት የመጨረሻው በር ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ ስሙ ከወጣ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ለኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጭ ግን ሚኒማ የመጀመሪያው በር ነው። በማራቶን 2:08:10ን ያሟሉት ኢትዮጵያውያን ለሦስት ቦታ ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጡ ነበር። ገጹ የአገር ኮታን በራሱ ስሌት ሦስት ብሎ ይቆጥራል፤ የሚላኩትን የሚወስነው ግን ፌዴሬሽኑና ብሔራዊ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ነው። ስለዚህ ከጅማ ሆኖ ሰንጠረዡን የሚያይ ሰው ኢትዮጵያውያንን በተመለከተ ማን መሄድ እንደሚችል እንጂ ማን እንደሚሄድ አያውቅም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ለቶኪዮ የማራቶን ቡድን የተመረጠው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በሰበታ በተደረገ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ነበር፤ ሹራ ቂጣታ አሸነፈ፣ ቀነኒሳ በቀለ ያልተሳተፈ በመሆኑ ከቡድኑ ውጭ ሆነ። በኦሊምፒኩ ግን የኢትዮጵያ ሦስቱም ወንድ ማራቶኒስቶች ውድድሩን አቋርጠው ወጡ። ለፓሪስ አካሄዱ ተለወጠና በትልልቅ ማራቶኖች የተመዘገበ ውጤት ሚዛን ሆነ፦ ሲሳይ ለማ ቫሌንሲያን በ2:01:48 ሮጦ ከዚያም ቦስተንን አሸንፏል፤ ደሬሳ ገለታ ሴቪያን በ2:03:27 ጨርሷል፤ ቀነኒሳ በለንደን በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ኒው ዮርክን በ2:04:58 በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈው፣ በኦሪገንም የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተያዘ። ከውድድሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ሲሳይ በጉዳት ሲወጣ ታምራት ተተካ፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ያን ዳገታማ የፓሪስ ጎዳና በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፎ በፓሪስ ለኢትዮጵያ ብቸኛውን ወርቅ አመጣ።

ኒው ዮርክም ፓሪስም ዳገት የበዛባቸው ጎዳናዎች ናቸው። ሰዓትን ብቻ የሚያነብ ሰንጠረዥ ይህን አይለይም፤ በቫሌንሲያ ሜዳማ ጎዳና የተሮጠ 2:04 እና በኒው ዮርክ የተሮጠ 2:04 ለእሱ እኩል ቁጥሮች ናቸው። በእኔ አስተያየት የአሠልጣኝ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሠልጣኞች ቁጥሩን ብቻ አይተው ታምራትን ከደሬሳ በታች እንዳያስቀምጡት፣ ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን የት እንደተሮጠ መጻፍ ያስፈልጋል። የሰበታውም ማጣሪያ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሰበታ ብርድና ከፍታ ነው፤ ቶኪዮ ያዘጋጀው ማራቶን በሳፖሮ ሙቀትና ወበቅ የተሮጠ ነበር። ሚዛኑ የቱ ይሁን የሚለው ለፌዴሬሽኑ ባለሙያዎች የሚተው ነው፤ እኔ ግን ሯጩ የሚመረጥበት ሁኔታ ከሚወዳደርበት ሁኔታ ጋር መቀራረብ አለበት ብዬ አምናለሁ። መስፈርቱም ከዓመት በፊት በጽሑፍ ወጥቶ የጅማ ታዳጊ ሊያነበው የሚችል ቢሆን፣ ገጹ ላይ የቀረው ክፍተት ግማሹ ይሞላ ነበር።

ገጹ ሌላም ወሰን አለው፤ አትሌቲክስን ብቻ ይመለከታል። ኦሊምፒክ የብዙ ስፖርቶች ጉባኤ ነው፤ ኢትዮጵያም በቶኪዮ በሰለሞን ቱፋ በቴኳንዶ ተሰልፋለች። የቴኳንዶ፣ የቦክስ፣ የብስክሌት ማጣሪያ ግን በየዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ ገጽ ተበታትኖ ይገኛል፤ አንዱ በአህጉራዊ ውድድር፣ ሌላው በነጥብ ይሄዳል። በጅማ የቴኳንዶ ሠልጣኞች ብዙ ናቸውና፣ አሠልጣኞቻቸው ተመሳሳይ ዝርዝር በአንድ ቦታ ለማግኘት ይቸገራሉ።

ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ለታዳጊዎቹ እንቅፋት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሰንጠረዡ ውስጥ ዋናው ነገር ስምና ቁጥር ስለሆነ በጥቂት ማብራሪያ ይግባባሉ። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። በስልክ ሲከፈት ሰንጠረዡ ሰፊ ስለሆነ ስልኩን አግድም ይዞ ማየት ይሻላል፤ ኔትወርክ በሚደክምበት ሰዓት ለሥልጠና ከመውጣት በፊት ምስሉን አንስቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ለማን እመክረዋለሁ? ለሚያሠለጥን ሁሉ። አጀማመሩ ግን ከማራቶን ባይሆን ደስ ይለኛል። በማራቶንና በ10,000 ሜትር የኢትዮጵያ ስም ስለሚበዛ ገጹ ከሚመልሰው የሚያከራክረው ይበልጣል። ከሴቶች 800 ሜትር መጀመር መልካም ነው፤ ሚኒማው 1:59.30 ነበር፤ ጽጌ ዱጉማ በ2016 ዓ.ም. በግላስጎው የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አግኝታ፣ በፓሪስም በ1:57.15 ብር ወስዳለች። ርቀቱ ለታዳጊዎች ቅርብ ነው፤ በሚኒማውና በሜዳሊያው መካከል ያለውን ሁለት ሰከንድ ከራሳቸው ሰዓት ጋር አስተያይተው ሊረዱት ይችላሉ።

የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከሐምሌ 7 እስከ 23 ቀን 2020 ዓ.ም. ይካሄዳል፤ የማጣሪያው ገጽም ቀደም ብሎ መከፈቱ አይቀርም። እስከዚያ ግን እኛ በሥልጠና ሜዳችን የምንጠቀምበትን ሰንጠረዥ በወረቀት አዘጋጅተናል፦ ስም፣ ርቀት፣ ሰዓት፣ ሰዓቱ የተመዘገበበት ከተማና ከፍታው፣ የጎዳናው ወይም የመሙ ዓይነት። ተመሳሳይ ነገር የሚሠራ አሠልጣኝ ካለ፣ ከከፍታው ጎን የውድድሩን ቀን ሙቀትም ቢጨምርበት መልካም ነው።