የ«እከክ መርፌ» እያሉ ውሻችንን የሚወጉትን ተጠንቀቁ

ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ማዶ ውሻና ድመት የምታሳድጉ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

እነዚህን የእንስሳት መድኃኒት ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። እንስሳውን ሳይነኩ «እከክ ነው» ይላሉ፣ ይወጋሉ፣ ብር ይቀበላሉ፣ «ካልተሻለው መልሰሽ አምጪው»። ውሻዬ ቡቺም በተወጋ ማግስት ማከኩን ቀጥ ያደርጋል። ብዙም ሳይቆይ ይብስበታል። እንደገና መርፌ።

እያደር ውሃ አልጠግብ አለ። ቤት ውስጥ መሽናት ጀመረ። ሆዱ ተነፋ፣ የጎኑ ጸጉር ሳሳ። ጀርባው ላይ እንደ ኖራ የደረቀ ነገር ወጣበት፤ እሱን እስኪደማ ያከዋል።

ትናንት ይህን ሁሉ ለሻጩ ነገርኩት። ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። መርፌውን ሲሞላ «ምንድን ነው የምትወጋው? ጠርሙሱን አሳየኝ» አልኩት። ጠርሙሱን በመዳፉ ሸፍኖ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ውሻ ነው እኮ እህቴ! ልጅ ያመጣሽ መሰለሽ?» ብሎ ወጋው። አጠገቡ ያለችው ሠራተኛ ሳቀች። መሳቢያው ግን በደንብ አልተዘጋም ነበር። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። ዴክሳሜታዞን! ብሬን መልስ ስለው «ከውሻው ቀድተሽ አምጪና እመልስልሻለሁ» አለኝ።

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ የእከክ ተባይ አይገድልም። ሲደጋገም ኩሺንግ የሚባል ሕመም ያመጣል። በዚህ ሕመም ካልሲየም ቆዳ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፤ እሱም በተራው ያሳክካል። ማሳከኩን ያጠፋል የተባለው መርፌ ራሱ ማሳከክ አመጣበት!

ይህን የነገረኝ ዛሬ ያየው ሐኪም ነው። ደምም ወሰደለት። ቁንጫ፣ እከክና አለርጂ ይበዛሉ፤ ግን አልፎ አልፎ መነሻው ከውስጥ ይሆናል አለኝ። የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ሊያሳክክ ይችላል። ያረጀች ድመት የታይሮይድ እጢዋ ከልክ በላይ ሲሠራ ጸጉሯን እየላሰች ልትመልጠው ትችላለች። ይሄ ሳይመረመር በመርፌ ሲታፈን እንስሳው ውስጥ ውስጡን ይጎዳል።

ጠርሙሱን ሳታነቡ አታስወጉ። ስቴሮይድ ሲወስድ የቆየ ካላችሁ ግን በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡት። የራሱ እጢ ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት ስቴሮይድ ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።