ወንበሩ አምስት ኮከብ፣ ቃሉ አንድ

ከፖስታ ቤት ወደ ፒያሳ ሲወጣ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ከተደረደሩት የባህል ዕቃ ሱቆች አንዱ ነው። ስሙን ትቼዋለሁ። ዕቃው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያፈዛል። እኔን ያስቆመኝ አንድ የጅማ ወንበር ነው። ሦስት እግር፣ መደገፊያና መቀመጫ፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ሰው ተቀምጦበት ተቀምጦበት መስታወት መስሏል። በግራ ጎኑ የእሳት ጠባሳ አለበት። ወደድኩት።

በ18,000 ብር ተስማማን። 5,000 ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ቀሪውን ለቅዳሜ። ቅዳሜ ስሄድ ወንበሩ ከባንኮኒው ኋላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል። «እህቴ፣ ሌላ ሰው ጨምሮ ወሰደው፤ ብርሽን ውሰጂ» አለኝ ባለሱቁ። በቃ።

ተናድጄ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ቢሮ ያላቸው አንድ አዛውንት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። እኔ ስለ ወንበሩ አወራለሁ፣ እሳቸው «ደረሰኙን አሳዪኝ» ይላሉ። አዩት። «አይ ልጄ፣ ቀብድ ብሎ ጽፎልሻል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ቃሉን ቢያጥፍ ገዢ ካሳ ብቻ ይዞ አይመለስም። በዕቃው የተለየ ጥቅም ካለው ዕቃውን ራሱን እንዲያስረክበው ማስገደድ ይችላል፤ ቁጥር 2329 ነው። ሌላ ሱቅ ገብቶ በቀላሉ ለሚገዛው የፕላስቲክ ወንበር ግን ማንም አያስገድድለትም። «ምን የተለየ ጥቅም አለሽ?» ቢሉኝ፣ የወንበሬ ጠባሳ መልስ ይሆን ነበር። ጉዱ ቀብዱ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል። የሰጠውም ቀብዱን ትቶ መውጣት ይችላል። «ቅድመ ክፍያ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እንከራከር ነበር» አሉኝ። «አሁን 10,000 ጠይቂው፤ በጽሑፍ አድርጊው።»

ሁለት መስመር ጽፌ ሰጠሁት። አነበበ፣ ጣራውን አየ፣ ማለ፣ ቆጠረ። 10,000 ሙሉ። አንዷ ኮከብ ለዚህች ናት፤ ፍርድ ቤት አላንከራተተኝም።

የምትሄዱ ካላችሁ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» አታስጽፉ። የዕቃውን ምልክት፣ ጠባሳም ቢሆን፣ አስጽፉ።

ልወጣ ስል «አትቀየሚኝ፣ እህቱን አመጣልሻለሁ» አለኝ።

ጠባሳ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኩት።