ዛንዚባርን በኪራይ መኪናና በዳላዳላ ዞርናት
እኔና ባለቤቴ ከጅማ ተነስተን በአዲስ አበባ አድርገን ዛንዚባር ገባን፣ አስጎብኚ ምናምን የለም፣ 3 ቀን በኪራይ መኪና የቀረውን በዳላዳላ፣ ማለት በነሱ የከተማ ታክሲ።

መኪናው አናዶናል። ኤሲው ይሰራል ብሎ የማለልን ሰውዬ ቁልፉን ሰጥቶን ዞር ከማለቱ የሚነፍሰው የምድጃ ሙቀት ነው፣ ስንደውል ነገ፣ ነገ ሲደርስም ነገ። ደሞ እዛ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ባለቤቴ ፍሬቻ ላሳይ ሲል በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያውን እያስነሳ በሳቅ ገደለኝ። የኛ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ የደሴቷን ጊዜያዊ ፈቃድ አውጡ፣ ፖሊስ ይጠይቃል። ለመግባትም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 44 ዶላር ኢንሹራንስ አለ፣ በጀት ላይ አስገቡት።

ዳላዳላው ግን ወደድኩት!! ከስቶን ታውን፣ ከአሮጌው ከተማ ማለት ነው፣ 116 ቁጥርን ይዘን ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ሄድን፣ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተጠጋግተን፣ እግሬ ስር የካሳቫ ጆንያ ጉልበቴ ላይ የማላውቃት ሴትዮ ልጅ፣ በቃ የገበያ ቀን የአጋሮ መስመር በሉት። ቀርፋፋ ነው፣ ሲመሽም ይጠፋል፣ ግን ርካሽ ነው። ደስ ያለኝ ሰዓታቸው እንደኛ ነው፣ ረዳቱ "ሳ ሞጃ" ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ ፈረንጆቹ ግራ ሲገባቸው እኛ ቀድመን ወንበር ይዘናል።

ጆዛኒ ጫካ ያለውን ቀዩን ጦጣ እንዳያመልጣችሁ፣ የኛ ጉሬዛ ዘመድ ነው።